ጥቁር ገጸ ባሕርያትን በአድናቂዎች ክበብ ውስጥ በፍትሕ ለማስተናገድ፦ ለጎጃም የንባብና የፊልም ክበባት አስተባባሪዎች የቀረበ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራም ሆነ በሞጣ የውጭ ልብ ወለዶችን፣ ተከታታይ ፊልሞችንና አኒሜዎችን የሚከታተሉ፣ ስለሚወዷቸው ታሪኮች የሚወያዩ፣ ከዚያም አልፈው ፋን ፊክሽን የሚባለውን ተቀጥላ ታሪክ የሚጽፉ፣ የሚስሉና በመድረክ የሚያሳዩ ወጣቶችን ለሚያስተባብሩ ሰዎች ነው። ክበቡ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ሥር የተቋቋመ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚሰበሰብ ወይም ከቴሌግራም ግሩፕ ሌላ ቤት የሌለው ቢሆን አሠራሩ ያው ነው። የውጭ ታሪኮችን የሚመለከቱ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

«እኛ ሁላችን ጥቁር ሆነን ሳለ የነጮቹ ጣጣ ምን ያገባናል?» የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ መነሣቱ ስለማይቀር መልሱን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይጠቅማል። በእኛ ዘንድ ስለ ሙሽራ ሲወራ «ቀይ ናት ወይስ ጠይም?» ተብሎ እንደሚጠየቅ፣ «ጥቁር ብትሆንም ቆንጆ ናት» የሚለው አነጋገርም እንደ ምስጋና እንደሚቆጠር ሁላችንም እናውቃለን። በመተከል የጉሙዝ ሰው ላይ ለዘመናት የተለጠፈው ስድብ፣ በጣና ዳር በሚኖሩት ወይጦዎች ላይ የሚወራው ሐሜት፣ ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸክላ የምትሠራውን ሰው «ቡዳ» ብሎ ከማዕድ ማራቅ፣ እነዚህን ማንም ከውጭ አላመጣብንም። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሙያተኞችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ ዛሬም ይሰማል። ስለዚህ የባሕር ማዶው ጥቁር ገጸ ባሕርይ ወደ እኛ ሲመጣ ሰው ሁሉ በየደረጃው ወደ ተቀመጠበት ቤት ይገባል፤ የውጩ ንቀትና የጓዳው ንቀትም ለመግባባት አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። በዚህ ጽሑፍ ዘረኝነት ስል ሁለቱንም ማለቴ ነው።

አንደኛ፦ ደንብ ከማውጣትዎ በፊት የክበቡን ሥራ ይመርምሩ

ብዙ ክበቦች ሥራቸውን የሚጀምሩት ስድብን በመከልከል ነው። መከልከሉ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ጥቁር ገጸ ባሕርያት በአድናቂዎች እጅ ከሚደርስባቸው በደል አብዛኛው በመዘንጋት፣ ወደ ዳር በመገፋትና የሌላው አገልጋይ ሆኖ በመቅረት የሚፈጸም በመሆኑ የስድብ ደንብ አይደርስበትም። አባላት በቅርብ ጊዜ የጻፏቸውን ታሪኮች፣ የሳሏቸውን ሥዕሎችና በድምፅ የቀዷቸውን ትረካዎች ይሰብስቡና በአንድ ደብተር ላይ ሰንጠረዥ ያስምሩ። በግራ በኩል የጥቁርና የጠይም ገጸ ባሕርያትን ስም ያስፍሩ፤ ጸሐፊው ስም ያልሰጠው ካለ «ስም የለውም» ብለው ይጻፉ። ከዚያም ስለ እያንዳንዱ ይጠይቁ፦ በታሪኩ ውስጥ ለራሱ ብሎ የሚፈልገው ነገር ምንድን ነው? ከዋናው ገጸ ባሕርይ ውጭ ከሌላ ሰው ጋር የሚነጋገርበት ቦታ አለ? እናቱ፣ ወንድሙ፣ የተወለደበት ቀዬ ተጠቅሷል? የሚወደው ሰው አለ? ከሞተ ደግሞ በሞቱ የተጠቀመው ማን ነው?

ነገሩን ለማስረዳት የሚመቸው በስታር ዋርስ ፊልሞች ውስጥ ያለው ፊን ነው። በ2015 በወጣው ፊልም ጆን ቦዬጋ የተጫወተው ይህ ገጸ ባሕርይ በሕፃንነቱ ከቤተሰቡ ተነጥቆ ወታደር የተደረገ፣ በመጀመሪያ ግዳጁ ላይ ንጹሐንን አልገድልም ብሎ የከዳ ሰው ነው፤ አንድ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምን መነሻ ይመኛል? ሆኖም ገና የፊልሙ ማስታወቂያ ሲታይ ጥቁር ሰው የዚያን ሠራዊት ልብስ ለበሰ ብለው የተቆጡ አድናቂዎች ነበሩ፤ ለቻይና ገበያ በተዘጋጀው ፖስተር ላይም የፊን ምስል ከሌሎቹ አገሮች ፖስተር ይልቅ አንሶ ታየ። በተከታዮቹ ፊልሞች ድርሻው እየጠበበ ሄደ፤ ቦዬጋም በ2020 በሰጠው ቃለ ምልልስ ነጭ ያልሆኑ ተዋንያን በማስታወቂያ ላይ ዋና መስለው ከቀረቡ በኋላ ወደ ጎን መገፋታቸውን በግልጽ ተናገረ። በአድናቂዎቹ ተቀጥላ ታሪኮችም ብዙ ብዕር የፈሰሰው የገዛ አባቱን ለገደለው ነጭ ባለጋራ ለካይሎ ሬን ኀዘንና ፍቅር ሲሆን፣ ፊን የሌሎችን ልብ የሚጠግን ደግ ጓደኛ ሆኖ መቅረቱን ጥቁር አንባቢዎች ደጋግመው ጽፈዋል። አባላት ይህን ከሰሙ በኋላ የራሳቸውን ሰንጠረዥ ሲያዩ ብዙ ማብራሪያ አይጠይቁም።

ሰንጠረዡ ሲነበብ የጸሐፊዎች ስም አይጠራ። በመጀመሪያው ቀን የተሸማቀቀ ጸሐፊ በሁለተኛው ቀን አይመጣም።

ሁለተኛ፦ ክርክር ሲነሣ መጀመሪያ መጽሐፉን ይክፈቱ

«ይህች ልጅ እኮ ነጭ ናት፤ ፊልሙ አበላሻት» የሚል አባል ሲገጥምዎ ገጹን እንዲያሳይ ይጠይቁት፤ ክበቡም የቀለም ክርክር ያለ ገጽ እንደማይሰማ አስቀድሞ ይወስን። በ2008 በታተመው «ዘ ሀንገር ጌምስ» ሩ የተባለችው ታዳጊ ቆዳዋም ዓይኗም ጥቁር ቡናማ እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። በ2012 ፊልሙ ሲወጣ ግን ጥቁር ሆና በማየታቸው የተቆጡ፣ እንዲያውም ሞቷ እንደ ቀድሞው አላሳዘነንም ብለው የጻፉ አንባቢዎች ተገኙ። ዓረፍተ ነገሩን አንብበውታል፤ የዋህና የምታሳዝን ልጅ ስትሆንባቸው ግን በልባቸው ነጭ አድርገው ስለዋት ነበር። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የአዘጋጆቹ ነው፤ በአርስላ ለ ጉዊን የኧርዝሲ መጻሕፍት ውስጥ ቀላ ያለ ቡናማ ቆዳ ያለው ጌድ በ2004 በቀረበው የቴሌቪዥን ፊልም በነጭ ተዋናይ ስለተወከለ ደራሲዋ ራሷ ተቃውሞዋን ጽፋ አሳትማለች። መጽሐፉ ዝም ያለበትም አለ፤ በ2016 ለንደን ውስጥ በቀረበው ተውኔት ጥቁሯ ተዋናይ ኖማ ዱሜዝዌኒ የሃሪ ፖተሯን ኸርማዮኒን እንድትጫወት ስትመረጥ ጫጫታ የተነሣው የገጸ ባሕርይዋ ነጭነት በመጽሐፉ ውስጥ ተለይቶ ሳይነገር ነው።

ለዚህ የሚረዳ ልምምድ አለ። ፊልሙን ካላዩት ታሪክ ውስጥ ገጸ ባሕርዩ የተገለጸበትን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ፤ አባላት የሰሙትን ብቻ ይሳሉ ወይም በጽሑፍ ይግለጹ፤ ከዚያም ሥራው ከአንቀጹ ጋር ይመሳከር። ሰልካካ አፍንጫ፣ ወገብ የሚደርስ ፀጉር፣ ቀይ መልክ ከየት እንደመጣ ማንም ሳይናገር በወረቀቱ ላይ ይታያል። አንቀጹ ስለ ፀጉር አንዲት ቃል ሳይናገር ክፍሉ በሙሉ ለስላሳ ፀጉር ሲስል ማየት ከረጅም ትምህርት ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ለትረካና ለትርጉም የቃላት ስምምነት ያድርጉ

የውጭ ፊልም በአማርኛ የሚተርክ ሰው ተመልካቹን ለማሳቅ ከራሱ የሚጨምረው ቃል እንዳለ የታወቀ ነው፤ ጥቁር ገጸ ባሕርይ ብቅ ሲል «ከሰሉ መጣ»፣ «ባሪያው ገባ» የሚለው ቀልድም ከዚያው ይመጣል። የሚከተለው ስምምነት በክበቡ ይጽደቅ። ተራኪ በራሱ አንደበት እነዚህንና «ሻንቅላ» የመሰሉ ቃላትን አይጠቀምም፤ ገጸ ባሕርዩን በስሙ ይጠራዋል። በታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው ሌላውን በቀለሙ ሲሰድብ ግን ስድቡ ከተሳዳቢው አፍ ሳይለዝብ ይነገር፤ «ጥቁሩ ሰውዬ» እያሉ ማለስለስ ለተሳዳቢው መሸፋፈን ይሆናል። «ጥቁሩ ሐኪም» የሚል ተራኪ ቀጥሎ የሚመጣውን «ነጩ ሐኪም» ካላለ ሁለቱንም በስማቸው ይጥራ። ስም ማጣመምም በቀልድ አይታለፍ፤ ኸርማዮኒ ማለት የቻለ ምላስ ዱሜዝዌኒ ማለት አያቅተውም።

«ሻንቅላ» እና «ባሪያ» የሚሉት ቃላት ለምን እንደተከለከሉ ለአዲስ አባላት በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ስም የሚጠሩት ሰዎች ራሳቸውን ጉሙዝ ይላሉ፤ የቀድሞው የጎጃም ክፍለ ሀገር መተከልን ያካትት ስለነበረ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ለባርነት ከተፈነገሉት ሕዝቦችም መካከል ነበሩ። ባርነት በአገራችን በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ስለሆነ በዚያ ስም የተጠሩ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ በሕይወት አሉ፤ በክበብዎ ውስጥ አንድ እንኳ የለም ብለው መማል አይችሉም።

አራተኛ፦ በሥዕል፣ በፎቶግራፍና በመድረክ ላይ ቆዳን በአግባቡ ያሳዩ

የተሳሳተው ሥዕል ሁሉ በክፋት የተሣለ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ሠዓሊው ጥቁር ቆዳን እንዴት እንደሚቀባ አልተማረም። ቡናማ ላይ ጥቁር ቀለም ሲጨመር ፊቱ አመድ የነካው ይመስላል፤ ነጭ ሲጨመር ደግሞ ሕመምተኛ ያደርገዋል። ብርቱካናማውን በጥቂት ሰማያዊ እያጠቆሩ መነሻውን ቡናማ ማግኘት ይቻላል፤ ጥላ ለሚያርፍበት ቦታ ሰማያዊውን ወይም ወይን ጠጁን መጨመር፣ ብርሃን ለሚነካው ግንባርና ጉንጭ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ማቅለም ይሻላል። በቀለም እርሳስ ብቻ የሚሠራ አባል መጀመሪያ ቢጫ፣ በላዩ ቀይ፣ ከዚያ ቡናማ፣ በመጨረሻም ለጥላው ሰማያዊ እየደራረበ ይሂድ። መዳፍና የእግር ውስጥ ፈካ ይላሉ፤ ከንፈርም እንደ ሰው ሁሉ የራሱ ቀለም አለው። ፀጉሩ ሹሩባ ወይም ጎፈሬ ከሆነ ጎንጉኑና ጠርዙ ይታይ፤ አንድ ጥቁር ጉድፍ አድርጎ መተው ስንፍና ነው።

በጣና ገዳማት ሥዕል ዓይኑን ያሟሸ ወጣት አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተውል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን በጎን ይሣላሉ፤ ሰይጣንም ብዙውን ጊዜ ጥቁር ተቀብቶ ይታያል። ይህን ሥርዓት በራስዎ የልዕለ ኃያላን ሥዕል ውስጥ መጠቀም የሚያስደስት ፈጠራ ነው፤ ክፉ ሁሉ ጥቁር፣ ጥቁር ሁሉም አንድ ዓይና ሆኖ እንዳይወጣ ግን ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ደርድሮ ማየት ያስፈልጋል።

ፎቶግራፍን በተመለከተ፣ የባለ ቀለም ፊልም ሥራ ለረጅም ጊዜ ሲመዘን የኖረው በነጭ ሴት ፎቶግራፍ እንደነበረ ማወቅ ይረዳል፤ ጥቁር ፊት በድሮ ፎቶግራፎች ላይ ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዛሬም በስልክ ሲያነሡ ጠቆር ያለውን አባል ከነጭ ግድግዳ ፊት አያቁሙት፤ በመስኮት በኩል የጎን ብርሃን ይስጡት፤ በስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክተው ብርሃኑን ያስተካክሉ፤ ፊት የሚያፈካውን ፊልተርም ያጥፉ። የክበቡ ፖስተር ላይ ሁሉም አባል በአንድ ጊዜ «ቀይ» ሆኖ ሲወጣ የሚያመሰግን እንጂ የሚጠይቅ ሰው አለመኖሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በመድረክ ላይ ፊትን በጥላሸት ወይም በከሰል መቀባት አይፈቀድ። ይህ በእኛ ዘንድ የሚያጋጥመው በተለይ ኦቴሎን፣ በቬኒስ ነጮች መካከል የሚኖረውን የሼክስፒርን ጥቁር የጦር አዛዥ፣ ለማሳየት ሲታሰብ ነው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው ይህ ተውኔት ለትምህርት ቤት መድረክ ተመራጭ ነውና። በውጭው ዓለም ሎረንስ ኦሊቪየ በ1965ቱ ፊልም ፊቱን ጥቁር ተቀብቶ ተጫውቶታል፤ ዛሬ ያ አሠራር የሚጠቀሰው በነቀፌታ ነው። ተዋንያኑ ሁሉ ጥቁር በሆኑበት የእኛ መድረክ ላይ የኦቴሎን ባዕድነት ለማሳየት ቋንቋችን ከጥላሸት የተሻለ መሣሪያ ይሰጠናል። የዴዝዴሞና አባት ጋብቻውን ከመስማቱ በፊት ኦቴሎን ወደ ቤቱ እየጋበዘ ያከብረው ነበር፤ ከሰማ በኋላ ሲገናኙ ግን «አንቱ» ማለቱን ትቶ «አንተ» እያለ ያነጋግረው፤ ኦቴሎ ግን እስከ መጨረሻው «እርስዎ» እያለ ይመልስለት። ሌላው ሁሉ ተቀምጦ ለእርሱ በርጩማ የሚያቀርብለት ሰው አይኑር። የደብረ ማርቆስ ተመልካች ይህን ለመረዳት የአንድ ደቂቃ ማብራሪያ አይፈልግም። ለአኒሜና ለልዕለ ኃያላን አልባሳት ደግሞ ማንም የማንንም ልብስ፣ ካባና ሰይፍ ይልበስ፤ ቆዳ ግን የልብሱ አካል ስላልሆነ መጥቆርም ሆነ በዱቄት መንጣት አያስፈልግም።

አምስተኛ፦ ሲጽፉ ለገጸ ባሕርዩ የራሱን ጉዳይ ይስጡት

በሰንጠረዡ የተገኘው ችግር የሚታረመው እዚህ ነው። እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ይውሰዱ፦ «ጥቁሩ ወታደር በነጭ ጥርሱ ፈገግ አለና ሻንጣዋን ተሸከመላት።» ስድብ የለበትም፤ ነገር ግን ሰውየው ቀለም፣ ጥርስና ትከሻ ብቻ ነው። ሲታረም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ፊን ሻንጣውን አላነሣም። ድልድዩ ሁለት ሰው አብሮ እንደማይችል ከሩቅ አይቶ ነበርና ማን ቀድሞ እንደሚሻገር መወሰን ነበረበት፤ መወሰን ደግሞ ማንም አስተምሮት አያውቅም።» በሁለተኛው ውስጥ ሰውየው ያያል፣ ያስባል፣ የሚከብደው ነገርም አለው፤ ጥቁር ስለመሆኑ በዚህ ቦታ ማንሣት አላስፈለገም።

ታሪኩን ወደ አገራችን ማምጣት የሚወዱ ጸሐፊዎች በአንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ይሰናከላሉ። ጀግናው ወደ ጣና ይመጣል፤ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ወይጦ ወደ ደሴቱ ያደርሰዋል፤ ማዕበል ይነሣል፤ ቀዛፊው ይሰጥማል፤ ጀግናው አልቅሶለት ይቀጥላል። ቀዛፊው ስም የለውም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲቀርብ ጸሐፊው ስለ ታንኳው ምን እንደሚያውቅ ይጠየቅ። ደንገል ውኃ ሲጠጣ እንደሚከብድ፣ ታንኳው ከቀዘፋ በኋላ ከሐይቁ ወጥቶ መድረቅ እንዳለበት፣ ነፋሱ በየት በኩል ሲመጣ ጉዞ እንደማይጀመር የሚያውቅ ሰው በማዕበል መካከል ከማንም ይልቅ የመዳን ዕድል አለው። ጀግናው ቢሰጥም ይሻላል አልልም፤ ግን መንገዱን የሚወስነውና «ዛሬ አንሻገርም» የሚለው ቀዛፊው ቢሆን ታሪኩ ሌላ ይሆናል።

እርስዎ ያልኖሩበትን ሕይወት ሲጽፉ ያን ሕይወት የሚያውቅ አንባቢ ይፈልጉ። ሰውየውን ስለ ሕዝቡ በሙሉ አይጠይቁት፤ ትዕይንቱን ሰጥተውት «እዚህ ቦታ ላይ ሐሰት የሚመስልህ የቱ ነው?» ይበሉት። ጊዜውን ስለሰጠ ቢያንስ ትራንስፖርቱ ይሸፈን፤ ስሙ እንዲጠቀስ ከፈለገ ይጠቀስ። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ በክበቡ ፊት ይነበብና ይታረም፤ የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ለመምህሩ ነግሮ ሲሰበርበት ዳግም እንደሚቆጥር ሁሉ፣ ጸሐፊውም መልስ ሳይሰጥ እስከ መጨረሻው ሰምቶ በሌላ ቀን አስተካክሎ ይምጣ። ቆዳን ከቡናና ከቸኮሌት ጋር ማመሳሰል ከሰለቸ ቆይቷል፤ ይቅር።

ስድስተኛ፦ ጥፋት ሲፈጸም በቅደም ተከተል ይሥሩ

ማን ምን እንደሚሠራ ጥፋቱ ሳይፈጸም በወረቀት ላይ ይወሰን። «አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን» የተባለውን ትልቅ የተቀጥላ ታሪኮች ማከማቻ የሚያስተዳድረው ድርጅት ዘረኝነትን ለመከላከል እርምጃ እንደሚወስድ በ2020 አስታውቆ ነበር፤ በ2023 ግን አድናቂዎች ቃሉ አልተፈጸመም ብለው ዘመቻ ከፈቱበት። ከዚህ በመነሣት በእያንዳንዱ ኃላፊነት አጠገብ የሰው ስም ይጻፍ። ሁለት ተጠሪዎች ይመረጡ፤ ቢቻል አንዷ ሴት ትሁን፤ ሁለቱም አድሚን መሆን የለባቸውም።

ስድብ ወይም አዋራጅ ምስል ሲለጠፍ ተጠሪው መጀመሪያ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጎ የስክሪኑን ቅጂ ያስቀምጥ፤ ቀጥሎ ጽሑፉን በአድሚኑ በኩል ከግሩፑ ያስነሣው። በግሩፑ ውስጥ ክርክር አይክፈት። ከዚያ የተነካውን ሰው ለብቻው ያነጋግር፤ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ይጠይቀው እንጂ ለምን እንደተከፋ ለሌሎች እንዲያስረዳ አይላከው። አጥፊውን የሚያነጋግረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ድርጊቱ ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ወንድሜ፣ ትናንት ማታ ከሥዕሏ ሥር የጻፍከው ቃል ከስምምነታችን ውጭ ስለሆነ አስነሥቼዋለሁ። አንተ እንዲህ ያለ ሰው ነህ ልልህ አልመጣሁም፤ ቃሉ ግን አብሮን የሚቀመጠውን ሰው ያዋርዳል። ለሁለት ሳምንት ከመለጠፍ ትቆያለህ፤ የምትለው ካለህ ቅዳሜ እንገናኝ።» አጥፊው በዕድሜ የሚበልጥ ከሆነ «ጋሼ» እና «እርስዎ» ይቀመጡ፤ ውሳኔው ግን በአክብሮቱ ምክንያት አይቀንስ።

በእርቅ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእኛ አገር ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ «ስለ እግዚአብሔር ብለህ ተወው» ይባላል፤ ደም ያደረቀ መልካም ልማድ ነው። በክበብ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ሸክሙ የሚያርፈው በተበደለው ላይ ነው፤ ይቅር ካላለ ክፉ እርሱ ይሆናል፤ ስለ ስድቡ የሚያወራም ይጠፋል። ስለዚህ እርቅ የሚጀመረው የተነካው ሰው ራሱ ሲጠይቅ ብቻ ይሁን፤ አጥፊውም ከቃል በፊት የሚታይ ነገር ይዞ ይምጣ፤ የለጠፈውን ካሰራጨበት ቦታ ሁሉ ያንሣ፣ ሥዕሉን እንደገና ይሣል፣ ትረካውን እንደገና ይቅረጽ። ተደጋጋሚ ዛቻና በዘር ላይ የተነጣጠረ ቅስቀሳ ሲሆን ነገሩ ከክበቡ አቅም በላይ ነው፤ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ዘርን በግልጽ ይጠቅሳል። አጥፊው ተማሪ ከሆነ ወላጅና ትምህርት ቤት ይወቁ።

ሰባተኛ፦ ገጸ ባሕርይን መተቸትና ተዋናይን ማሳደድን ይለዩ

በ2017 በወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ሮዝን የተጫወተችው ኬሊ ማሪ ትራን በደረሰባት የዘርና የፆታ ስድብ ምክንያት በ2018 የኢንስታግራም ጽሑፎቿን በሙሉ አጠፋች። በ2022 በወጣው «ኦቢ ዋን ኬኖቢ» በተባለው የስታር ዋርስ ተከታታይ ፊልም ሪቫን የተጫወተችው ጥቁር ተዋናይ ሞዝስ ኢንግራም የተላኩላትን ስድቦች ይፋ ስታወጣ የፊልሙ መሪ ተዋናይ ኢዋን ማክግሬገር በቪዲዮ ቀርቦ ከጎኗ ቆመ። በሁለቱም ጊዜ ስድቡን የሰነዘሩት ብዙዎች «እኛ የምንተቸው ድርሰቱን ነው» ይሉ ነበር። ለመለየት የሚረዳው ትችቱ አንድ ትዕይንት፣ አንድ ንግግር፣ አንድ የድርሰት ውሳኔ መጥቀሱን ማየት ነው፤ ስለ መልክ፣ ስለ አፍንጫና «እዚያ መግባት ስላልነበረባት» ሰው ብቻ የሚያወራ ከሆነ ይነሣ። ለማውገዝ ተብሎም ቢሆን የስድቡ ምስል በግሩፑ ውስጥ እንደገና አይለጠፍ፤ ለመድረኩ ባለቤት ሪፖርት ማድረግ ይበቃል።

የእግር ኳስ ወዳጆች ለዚህ ክፍል ጥሩ ረዳቶች ናቸው። ሐምሌ 2021 ሳካ፣ ራሽፎርድና ሳንቾ ፍጹም ቅጣት ምት ስተው የወረደባቸውን ስድብ ያላየ የአርሰናል ደጋፊ በባሕር ዳር አይገኝም፤ ቪኒሲየስን በቫሌንሺያ ስታዲየም በዘሩ የሰደቡ ሦስት ተመልካቾችም በ2024 የስምንት ወር እስራት ተፈርዶባቸዋል። ለሳካ የተቆጣ ልጅ ለሮዝ ለምን እንደማይቆጣ ይጠየቅ፤ ውይይቱ ራሱን ችሎ ይሄዳል።

ስምንተኛ፦ ለተለመዱት መቃወሚያዎች አጭር መልስ ይያዙ

«ልብ ወለድ ነው፤ ማንን ይጎዳል?» ለሚለው፣ በዛብህ ለሰብለ ወንጌል በትውልዱ አይመጥንም ተብሎ ሲገፋ ያልተናደደ የጎጃም አንባቢ ካለ ይጥሩት። ሐዲስ ዓለማየሁ ያን መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ጀምሮ አንባቢ የሚያለቅሰው ለልብ ወለድ ሰው ነው። «ታሪኩ የአውሮፓ ነው» ለሚለው፣ ገጹን ይክፈት። «ቀልድ አታውቁም ወይ?» ለሚለው ደግሞ ቀልዱን ራሱ፣ የተቀለደበት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ እያለ፣ ቀስ ብሎ እንዲያብራራ ይጋብዙት። ከዚህ በላይ ጊዜ አይስጡት።

ዘጠነኛ፦ አሠራሩን ያቆዩ

ስምምነቱ በአንድ ገጽ ይታተም፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ በቴሌግራም የተሰካ ደንብ ለማንም አይታይምና። አዲስ አባል ሲገባ ይነበብለት። በየሦስት ወሩ የምርመራው ሰንጠረዥ በአዲስ ሥራዎች ላይ ይደገም፤ የሚሞላውም በየጊዜው ሌላ ሰው ይሁን፤ አንድ ሰው ብቻ ሲይዘው ክበቡ የእርሱ ጸባይ አድርጎ ይቆጥረዋል። ተጠሪዎች በየስድስት ወሩ ይቀየሩ፤ ሲቀየሩም ደብተሩን፣ የተቀመጡትን የስክሪን ቅጂዎችና ያልተዘጉ አቤቱታዎችን በፊርማ ይረካከቡ።